ጋሪ የነበረ ቃል

«እማዬ፣ ‹ካሪ› ማለት በአማርኛ ምንድን ነው?»

ዳሲቱ ይህን ስትጠይቀኝ የሁለታችንም እጅ ሞልቶ ነበር። አባቷን በጋቢ አድርገን ከመኝታው ወደ ደጅ እያወጣነው ነው። እሷ በራስጌ የጋቢውን ሁለት ጫፎች ይዛለች፤ እኔ በግርጌ ይዤ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው። በራችን ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛ አያሳልፍም። ደፉን በተረከዜ እየፈለግሁ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ስለ እንግሊዝኛ የተጠየቀ ሰው ምን ይመልሳል?

«አላውቅም፤ ቆይ፣ ደፉ ላይ ነኝ» አልኳት።

«እኔን ከጣላችሁኝ በኋላ በሰፊው ተነጋገሩ» አለ ቡልቻ ከጋቢው ውስጥ።

ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነውና ጀርባውን በትራስ ደገፍነው። ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን አረፍን።

ቤታችን ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ባሌ ቡልቻ በሀዲድ ጥገና ሠራተኛነት አሥራ ስምንት ዓመት አገልግሏል። ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ ኮዬ ወደሚገኘው የወንድሙ እርሻ ሄዶ ለቤት መሥሪያ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወደቀ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዚያ ወዲህ የሱ አይደለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «አንድ ቦታ ከተኛ ጀርባው ይቆስላል፤ ከቆሰለ አይድንም» አለችኝ። ስለዚህ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ እናወጣዋለን፣ እናገባዋለን። ቡልቻ ትልቅ ሰው ነው። ብቻዬን ሞክሬዋለሁ፤ ከአልጋው ጠርዝ አላለፍኩም።

ዳሲቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረሰች ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ላይ ለቲኬትና ለጭነት ጸሐፊነት የአንድ ዓመት ትምህርት ሊሰጥ ነው፣ የሠራተኛ ልጆች ይወዳደሩ የሚል ማስታወቂያ ጣቢያው ላይ ተለጠፈ። ተመዘገበች። ፈተናው እንግሊዝኛ አለበት። እንድታልፍ ስለት ተሳልኩ። የተሳልኩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደግሞ ብታልፍስ ብዬ መንገድ ላይ ቆምኩ። የጋቢውን ሌላ ጫፍ የሚይዝ ሰው የለኝም።

ያን ቃል ያገኘችው ከአንድ ወረቀት ላይ ነው። አስተማሪዋ የነበረ ሰው የሰጣት ነው፤ አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉበት፣ በሁሉም ውስጥ ያው ቃል አለ። አንዱ ስለ ባቡር ነው፣ አንዱ ስለ እናትና ልጅ፣ አንዱ ስለ ድምፅ፣ አንዱ ስለ ሒሳብ። ለአሥሩም የሚሆን አንድ የአማርኛ ቃል ፈልጋ አጣች።

እኔ በዚያን ጊዜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት እማር ነበር። የሚያስተምሩን ጋሼ ቀናው ናቸው። ድሮ የጣቢያው ጸሐፊ ነበሩ፤ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ እንግሊዝኛም አያቅታቸውም። ትምህርት ሲያልቅ ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ልጄ አንድ ቃል ጠይቃኝ አቃተኝ» አልኳቸው።

«ምን የሚል?»

«ካሪ።»

ከኋላዬ አስካለማርያም ሰምታ ኖሯል። አብራኝ የምትማር ጎረቤቴ ናት፤ አፏ አያርፍም። «በላይነሽ፣ ትናንት ‹ፐ› ላይ ደርሰሽ ዛሬ እንግሊዝ አገር ገባሽ? ለእኛም ደብዳቤ ጻፊልን እንጂ!» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

በማግሥቱ ጋሼ ቀናው መዝገበ ቃላት ይዘው መጡ። ሽፋኑ ወልቆ በሲሚንቶ ወረቀት ለብሷል። አንድ ግሪካዊ ባለሱቅ አገር ሲለቅ የሰጣቸው ነው። ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ባለው አግዳሚ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። ቃሉ አንድ ገጽ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ተሻግሯል።

«ይህ ሲወለድ ግሥ አልነበረም። ዕቃ ነበረ» አሉ።

«ምን ዕቃ?»

«ጋሪ። ባለ ሁለት መንኮራኩር። ከብዙ ዘመን በፊት ዛሬ ፈረንሳይ በሚባለው አገር ጎል የሚባሉ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። ጋሪያቸውን ‹ካሮስ› ይሉታል። ሮማውያን መጡና አገሩንም ጋሪውንም ስሙንም ወሰዱ።»

«ስሙን ምን ያደርግላቸዋል?»

«ጋሪ የወሰደ ሰው ስም አይፈልግም? ‹ካሩም› አሉት። ከዚያ በጋሪ መጫን፣ በጋሪ ማመላለስ የሚል ግሥ ወጣለት። የኋላ ኋላ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሰዎች ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን ሲገዙ ቃሉም አብሯቸው ገባ።» ጣታቸውን በገጹ ላይ ዝቅ አደረጉ። «መጀመሪያ በመንኮራኩር ለሚሄድ ነገር ብቻ ነበር። ቆይተው በእጅ ለያዙትም፣ በጀርባ ላደረጉትም አሉት። ሴት ስታረግዝም በእሱ ነው። ድምፅ ሩቅ ሲሰማም በእሱ ነው። ስትደምሪ ከአንድ ቤት ሞልቶ ወደሚቀጥለው ቤት የምታሻግሪው አንድ አለ አይደል? እሱንም እንዲሁ ይሉታል።»

«ሁሉንም በአንድ ቃል?»

«ሁሉንም። ‹ካርጎ› የምንለው ዘመዱ ነው። የባትሪ ‹ቻርጅ› ዘመዱ ነው። ፉርጎው ላይ በፈረንሳይኛ ‹ሻርዥ›፣ ጭነት ማለት ነው፣ የሚል ጽሑፍ ስንት ዓመት ሳነብ ኖሬ ከዚህ ጋር ወንድማማች መሆናቸውን ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

«የእኛስ ጋሪ ዘመዱ ነው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱን መጽሐፉ አይልም። የማላውቀውን አልልሽም።»

ወደ ቤት ስሄድ ይህን አሰብኩ። እዚያ አገር ጋሪው ነው የቀደመው። ቃሉ መጀመሪያ በጋሪ ሄደ፣ ከዚያ ወርዶ ሰው ጀርባ ላይ ወጣ። ጋሪው ስለ ቀደመ ይሆናል፣ ልጅም ሆነ ጆንያ፣ ሆድም ሆነ ባቡር አንድ ሆኖ የታያቸው። መንኮራኩር የሚጭነውን አይለይም። ለእኔ ግን እንጨትና ልጅ አንድ ሆነው አያውቁም፤ አንዱ ወገብ ላይ ይጎረብጣል፣ ሌላው ይሞቃል። ደክሞኝ ስለነበር ከዚህ በላይ አላሰብኩም። ቡልቻን የምናስገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ዳሲቱና እኔ አባቷ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ቀናው ያሉትን ነገርኳት። ከዚያ «አንድ ቃል አትፈልጊ። ጻፊ» አልኳት።

«እሺ፣ ልጅ ሲሆን?»

«ጀርባ ላይ ከሆነ አዘለ። ክንድ ላይ ከሆነ አቀፈ። እግሩን አንገትሽ ላይ አንፈራጥጦ ከሆነ እሽኮኮ አለ።»

«እንጨት?»

«ተሸከመ። ዘንቢል ሲሆን አንጠለጠለ። አህያ ላይ ሲሆን ጫነ። ባቡር ሲሆን አጓጓዘ። ሆድ ውስጥ ሲሆን አረገዘ። መከራ ሲሆን ቻለ።»

«ቀስ በይ እማዬ፣ እርሳሴ አልደረሰብሽም!» ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «አባባን በጋቢ ስናወጣውስ?»

ተሸከምነው ቢባል ሬሳ ይመስላል። አነሳነው ቢባል አይበቃም። አዘልነው እንዳልል ልጅ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ የምንሠራው ሥራ ስም እንደሌለው ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

«በእኛ ‹ባቹ› ነው» አለ ቡልቻ። ኦሮምኛ ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። «እንጨትም ሰውም ባቹ ነው። እኔንም ባቹ በሉኝና ተገላገሉ።»

ፈተናው ማክሰኞ ነበር። ዳሲቱ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ካሪ አልመጣም» አለች። «ስንት ቀን የለፋንበት! አንድም ቦታ የለም።»

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስሟ ጣቢያው ላይ ወጣ። አልፋለች። ትምህርቱ ሊጀምር ስለሆነ ያለፉት ሁሉ ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር መሄድ አለባቸው። ከዚያ በፊት ወላጅ ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ለገሃር ቢሮው ድረስ ራሱ ማቅረብ አለበት። ቡልቻ መቅረብ አይችልም፤ እኔ ነኝ የምሄደው።

በእነዚያው ሳምንታት እኛ መሠረተ ትምህርት የምንማረው የማስረጃ ፈተና አልፈን ነበር። ጋሼ ቀናው አንድ ልማድ አላቸው፤ ላለፈ ተማሪ ሁሉ ያደርጉታል። በተራ ሰሌዳው ፊት ያቆሙናል። አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን ባዶ ወረቀት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እናትማለን። ከዚያ ወረቀቱን ራሳችን ቀደን እንጥላለን፣ ስማችንን ሰሌዳው ላይ እንጽፋለን፣ ሌሎቹ እልል ይላሉ። ከእንግዲህ በጣቴ አልፈርምም እንላለን። ሴቶች እያለቀሱ ነው የሚሉት። እኔም አልቅሼ ነው ያልኩት።

ቅጹ ማክሰኞ መጣ። ለዳሲቱ አልሰጠኋትም። ራሴ አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከላይ እስከ ታች። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከታች «በላይነሽ ወልደ ሰንበት» ብዬ ጻፍኩ። «ሽ» ትንሽ ተንጋደደች እንጂ ቆንጆ ነበር። ቡልቻ ወረቀቱን አስጠግቶ አየና «አሁን አንቺን የሚያህል ሰው እኔን ይሸከማል?» አለኝ።

ረቡዕ ከዳሲቱ ጋር ለገሃር ሄድን። በዛብህ የሚባል ጸሐፊ ነው የተቀበለን፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ቅጹን አየ፣ የቡልቻን ፋይል ከመደርደሪያ አወረደ፣ አንዱን ከአንዱ አስተያየ።

«ይህ የማን ፊርማ ነው፣ እናቴ?»

«የኔ።»

«በፋይሉ ላይ ያሉት ወይዘሮ በላይነሽ ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ይኸው አሻራቸው። እርስዎ ጽፈዋል።»

«እኔው ነኝ ልጄ። ተምሬ ነው።»

«እሰየው። ፋይሉ ግን አልተማረም።» እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ ፊቱ ግን ደክሞታል፣ ከእኛ በፊት ብዙ ሰው አስተናግዷል። ጣቱን ቅጹ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ተጽፏል። ‹ወላጅ ቀደም ሲል በፋይሉ ላይ ባኖረው ምልክት ይፈርም።› ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ቀበሌ አረጋግጦ ይጻፍልኝ፤ ፊርማውም አሻራውም ይኑርበት። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት። ካለፈ ከተጠባባቂዎቹ አንዷ ትገባለች።»

በአውቶቡስ ስንመለስ ዳሲቱ ሳሪስ እስክንደርስ በመስኮቱ ነበር የምታየው። ከዚያ ሳትዞር፣

«ያንን መስመር አንብበሽዋል አይደል?» አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«እማዬ፣ እንዳልሄድ ፈልገሽ ነው?»

አይደለም አልኳት። ማልኩላት። ሰው እስኪያየን ድረስ ማልኩላት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ሳነብ ፊደሉን ነበር የማነበው። አንዱን ቃል ይዤ ወደሚቀጥለው ስሄድ የቀደመው ይጠፋብኛል፤ «ምልክት» የሚለው ላይ ስደርስ «ቀደም ሲል» የሚለውን ረስቼዋለሁ። ማንበብ የጀመረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ልነግራት እችል ነበር። ግን ማክሰኞ ዕለት ያ መስመር ላይ ደርሼ ትንሽ እንደ ቆምኩ ትዝ አለኝ። ለምን እንደ ቆምኩ አላውቅም። የደከመ ሰው ልቡ ሳያዘው እጁ የሚሠራው ሥራ አለ። ማልኩላት እንጂ ይህን አልነገርኳትም።

ሐሙስ ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ መምህሬ ቀርበው መማሬን ካልመሰከሩ ደብዳቤ አይወጣም አለ። አሥር ሰዓት ድረስ ጠበቅሁ። ጸሐፊው ማኅተሙን ይዞ አዳራሹ ድረስ መጣልኝ፤ ስለዚህ ነገሩ በክፍሉ ሁሉ ፊት ሆነ።

ጋሼ ቀናው መጻፌን መስክረው ፈረሙ። ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ ጸሐፊው የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ ወደ እኔ ገፋው።

«ኧረ በላይነሽ!» አለች አስካለማርያም። «ያን ሁሉ እልል ያልንልሽን መልሺልን!»

ማንም አልሳቀም። እሷም ያለችው ሳያምርላት እንደ ቀረ ገባት መሰለኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች። በጣቴ አልፈርምም ካልኩ ወር አልሞላኝም። እምቢ ብዬ ብወጣ ማንም የሚፈርድብኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ጎበዝ ነሽ የሚሉኝ ነበሩ። ልጄም ትቀርልኛለች። የጋቢው ጫፍ ያዥ ያገኛል።

ጋሼ ቀናው አጠገቤ መጡ። «በላይነሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህን ልማድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብሳሳት እኔ ነኝ የተሳሳትኩ። ቀለሙ በሳሙና ይለቃል።»

ጣቴን ነከርኩና ወረቀቱ ላይ አተምኩ። ማኅተሙ ተመታ።

ደብዳቤውን ዓርብ በጠዋት ብቻዬን ወስጄ ሰጠሁ። በዛብህ አነበበ፣ አሻራውን ከአሻራ አስተያየ፣ «ትሂድ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ቡልቻን እንደ ወትሮው ልናወጣው ጋቢውን ያዝን። ዳሲቱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ። ደፉ ጋ ስንደርስ ቡልቻ «አስቀምጡ!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ደንግጠን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጥነው።

«ምን ሆንክ? አመመህ?» አልኩት።

«አልታመምኩም። ቁጭ በሉ።» ጣሪያውን እያየ ነው የሚናገረው። «አንድ ሀዲድ ለአሥር ሰው ነው የምንሸከመው። መንገድ ላይ የደከመው ሰው ዝም ብሎ ከለቀቀ ዘጠኙ ይጎዳሉ። ስለዚህ የደከመው ‹አስቀምጡ› ይላል፣ ሁሉም እኩል ያወርዳል። ማንም ለምን አልክ አይለውም። ነውሩ መጥራቱ አይደለም፤ ሳይጠሩ መልቀቅ ነው። እናንተ ሁለታችሁም ደክማችኋል፣ ማናችሁም አትጠሩም። አንዷ ፊርማ ታበላሻለች፣ አንዷ ሌሊት ታለቅሳለች። ይኸው እኔ ጠራሁ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ኢንተላ ኮ» አላት፤ ልጄ ማለቱ ነው። «አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። እኔን ማውጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

«ጀርባህስ?» አልኩ። «ነርሷ ያለችውን ረሳኸው?»

«እግሬ ነው እንጂ ክንዴ አልሞተም። ገመድ ስጪኝ፤ እየተሳብኩ ራሴ እገላበጣለሁ።»

ዳሲቱ ወንበር ላይ ወጥታ የጣሪያው ወጋግራ ላይ ገመድ አሰረች። ለሁለት ሆነን አልጋውን ወደ መስኮቱ ጎተትነው፤ እሱንም መልሰን አልጋው ላይ አወጣነው። ገመዱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ተሳበ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ፊቱ በላብ ራሰ። ሦስተኛው ላይ ትከሻው ተነሳ፣ ወገቡ ተከተለ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። ረዥም ጊዜ እንደዚያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆየ። ሲተነፍስ ይሰማናል።

«ፀሐዩስ?» አለች ዳሲቱ።

«በመስኮት የገባው ይበቃኛል።»

በቂ እንዳልሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። መስኮቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ዳሲቱ የአባቷን ጀርባ እያየች ቆማ ነበር፤ «ሳጥኑን አውጪና ልብስሽን እንጠፍ» አልኳት። አጠፍን። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ የትምህርት ቤት ወረቀቶቿ። ስንጨርስ አባቷን መልሳ አንድ ጊዜ ጠየቀችው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። ሁለታችንም ሂጂ አልናት።

ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ ብዙ አልቆመም። ዳሲቱ ወደ ድሬዳዋ ሄደች። ቡልቻና እኔ አቃቂ ቀረን።